በሟች ደብተር የተሸለመው ሰው

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት የባህል ክፍል ታይፒስት ሆኜ እሠራ ነበር። እጄ ፈጣን፣ አፌ ቁጥብ ነበር። በደርግ ዘመን ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከእጅ ፍጥነት ይልቅ የአፍ ቁጥብነት ይጠቅም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ስምንት ወር ታስሮ ከተፈታ ገና ሁለት ወሩ ነው። ለምን እንደታሰረ የነገረን የለም፤ ለምን እንደተፈታም እንዲሁ። እናቴ ግን "አለቃሽ አንድ ቃል ተናግሮልን ይሆናል" ብላ ታምን ነበር። አለቃዬ ጓድ መርዕድም አላስተባበለም። አንዳንድ ጠዋት በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፍ "ወንድምሽ ደህና ነው?" ይለኛል። ጥያቄው ደግነት ይሁን ማስጠንቀቂያ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ በላቸው ወርዶፋን ያወቅኋቸው በዚያው ቢሮ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ለሠራተኛው ክበብ ተውኔት ሲጽፉ፣ ሲያዘጋጁ፣ ተዋናይ ሲጠፋም ራሳቸው መድረክ ሲወጡ ኖረዋል። ማንኛውም ተውኔት ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት እኛ ዘንድ ተነብቦ ማኅተም ይመታበት ስለነበር በየጊዜው ይመጣሉ። ማኅተሙን ሲጠብቁ ከጎኔ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የምጽፈውን ያነባሉ።

"አስካለ፣ ሠራዊት በንጉሡ ሠ ነው" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ የኔ ደብዳቤ አይደለም እኮ፤ የሰጡኝን ነው የምገለብጠው።"

"ደብዳቤው የነሱ ቢሆንም ጣትሽ ያንቺ ነው።"

አንድ ክረምት ጉበታቸውን ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከአገዳ ቆራጩ ጀምሮ እስከ ፋብሪካው መሐንዲስ ድረስ የቀረ አልነበረም። ከሚስታቸው ከእትዬ ጫልቱ ሌላ ቤታቸው ውስጥ የቀረ ሰው ግን የለም። ልጅ አላሳደጉም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጓድ መርዕድ ጠራኝ። አዲሱ የባህል አዳራሽ ሊመረቅ ነው።

"መግቢያው ላይ አንጋፋውን ደራሲ የምናስታውስበት ጥግ እናዘጋጃለን" አለኝ። "መነጽራቸውን፣ ፎቶግራፋቸውን፣ የጻፉትን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ባለቤታቸው አንቺን ያውቁሻል፤ ለሌላ ሰው አይሰጡም።"

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያን ዕለት እንደ ምስጋና ነበር የሰማሁት።

በቢሮው ላንድሮቨር ወንጂ ወረድኩ። እትዬ ጫልቱ በሠራተኞች ሰፈር፣ ከአገዳው ማሳ ጥግ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። በር ላይ ጥቁር ለብሰው ቆመው "አካም ጅርተ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። በኦሮምኛ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜም ልጄ ነው የሚሉኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎተቱ። መነጽሩ አለ። መድረክ ላይ የሚያደርጉት ባርኔጣ አለ። ወጣት ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። ከሥር በገመድ የታሰሩ ሰባት ወፋፍራም ደብተሮች አሉ።

"ሌላውን ውሰጂ፤ ደብተሩን ግን ፈራሁ" አሉኝ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሱ ነበር የሚያነብልኝ። ማታ ከሥራ ሲመለስ የጻፈውን መጀመሪያ ለኔ ነው የሚያነበው። ካላመንኩበት ይሰርዘዋል።"

"መስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጠው እትዬ። ሕዝብ ያየዋል። ስማቸው ይጠራበታል።"

"ይመለሳል?"

"ይመለሳል።"

ይህን እንድል ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ነው ያልኩት።

አራተኛውን ደብተር መዘዙና "ከመሄዱ በፊት አንድ ገጽ አንቢልኝ" አሉኝ። በርዕሱ ላይ "ውሃው ሲጎድል፤ ለፊልም የተዘጋጀ" ይላል። ጋሽ በላቸው ፊልም ሲሠራ አይተው አያውቁም፤ ግን መጽሐፍ ተውሰው አጻጻፉን ለብቻቸው አጥንተው ነበር። ባጋጣሚ የገለጥኩት ገጽ አዋሽ ሞልቶ ሰፈሩን ያጥለቀለቀበት ቀን ነው። አንዲት ሴት በአገዳ መጫኛ ተጎታች ላይ ምጥ ይዟታል። ባሏ ቆርቆሮ በሁለት እጁ ከራሷ በላይ ይዞ ዝናቡን ሊከላከልላት ይታገላል። ሴትየዋ "ቆርቆሮውን ጣለውና እጄን ያዝ፤ ዝናብ አይገድለኝም" ትለዋለች።

ቀና ስል እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "በቃ፣ ያዥው" አሉኝ።

የርክክብ ቅጹን በካርቦን በሦስት ቅጂ ሞላሁ፤ "ሰባት የእጅ ጽሑፍ ደብተሮች" ብዬም ጻፍኩ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣ እኔ ፈረምኩ። አንዱ ለሳቸው፣ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለኔ። ዕቃውን ሁሉ ለጓድ መርዕድ በእጁ አስረከብኩ፤ ደብተሮቹን ከወንበሩ ኋላ ካለው ካቢኔት ውስጥ ሲቆልፍባቸውም አየሁ።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የፊልም ድርሰት ውድድር መታወጁ በሬዲዮ ተነገረ። ጓድ መርዕድ በሩን ዘግቶ መዋል ጀመረ። "እየጻፈ ነው" ተባለ። የጻፈውን ግን ለኔ አልሰጠኝም፤ አዲስ አበባ ልኮ ነው ያስተየበው። ሥራ እንዳይበዛብኝ አስቦልኝ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ አንደኛ መውጣቱ ተሰማ፤ የድርሰቱን ርዕስ ግን አልሰማንም። አሸናፊው የኛ ከተማ ሰው ስለሆነ፣ ሽልማቱ በአዳራሹ ምረቃ ቀን እዚሁ ናዝሬት እንዲሰጥ ተወሰነ።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። መግቢያው ላይ የመስታወት ሣጥን አለ፤ ውስጡ መነጽር፣ ባርኔጣ፣ ፎቶግራፍ። ደብተሮቹ የሉም። "ቦታ ጠቦ ይሆናል" ብዬ አለፍኩ። እትዬ ጫልቱ የሟች ባለቤት ተብለው ተጋብዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው አዲስ ነበር።

የዳኞቹ ሰብሳቢ አቶ ዘርይሁን የሚባሉ ሽበታም ደራሲ ነበሩ። ድምፃቸው ከሆዳቸው የሚወጣ ይመስላል። "ከአሸናፊው ድርሰት አንድ ትዕይንት ላንብብላችሁ" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ።

አዋሽ ሞላ። ሴትየዋ ተጎታቹ ላይ ተኛች። ባልየው ቆርቆሮውን አነሳ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀው ነበር። አቶ ዘርይሁን ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱና "ቆርቆሮውን ጣለውና እጄን ያዝ" ብለው አነበቡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

እትዬ ጫልቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ይህ የኔ ነው" አሉ። ጮኸው አልነበረም። ጭብጨባው ሲቆም ደግመው አሉት። "ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የጻፈው ባሌ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ መርዕድ ግን አልሳቀም። ከመድረክ ወርዶ ሁለት እጃቸውን ያዘና ሁሉም በሚሰማው ለስላሳ ድምፅ "እናታችንን ሐዘኑ ከብዷቸዋል። ታላቁን ደራሲያችንን ያላሰባቸው ማን አለ?" አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ጓድ አስካለ፣ እናታችንን ወደ ውጭ አውጪያቸው። ውሃ ስጫቸው።"

ሦስት ወይም አራት መቶ ሰው አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። "እውነታቸውን ነው፤ በእጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ" ማለት። አላልኩም። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

ውጭ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ቆምን። በብርጭቆ ያመጣሁትን ውሃ አልተቀበሉኝም።

"አንቺ አንብበሽልኛል" አሉኝ። "በገዛ አፍሽ።"

"እትዬ፣ ወንድሜን መልሰው እንዳያስሩብኝ ብዬ ነው እኮ..."

አዩኝ። ቁጣ ቢሆን በቻልኩት ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ብቻቸውን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄዱ። ከውስጥ ሌላ ጭብጨባ ተሰማ፤ የሽልማቱን የነሐስ ሐውልት ለጓድ መርዕድ እየሰጡት ነበር።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። ሰኞ ማለዳ ሥራ አልገባሁም። የርክክብ ቅጹን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወንጂ ወረድኩ። እትዬ ጫልቱ በራቸውን ከፍተው አዩኝ።

"የውድድሩ ዳኛ ቢሮው በያዘላቸው ማረፊያ ሶደሬ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ማታ ይቆያሉ" አልኳቸው። "እንሂድና ይንገሯቸው። እኔ ወረቀቱን ይዣለሁ።"

"ወንድምሽስ?"

"ወንድሜ ራሱ 'ሂጂ' ብሎኛል።" እውነት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ሰምቶ ነገሩን አስወጥቶኝ ነበር።

ሶደሬ ስንደርስ አቶ ዘርይሁን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው እግራቸውን ፍል ውሃው ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንን ሲያውቁ ፊታቸው ጠቆረ። ጥለውን ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር፤ ግን እግራቸውን አወጡና አግዳሚ አሳዩን። ቅጹን ሰጠኋቸው፤ ሁለቴ አነበቡት።

"ልጄ፣ ይህ ደብተር እንደተረከባችሁ ያሳያል። ደብተሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አያሳይም።"

"እኔ ልንገርህ" አሉ እትዬ ጫልቱ። አንቱታ በአማርኛቸው ውስጥ አልነበረም፤ ንጉሥም ቢሆን አንተ ነው።

አቶ ዘርይሁን ከቦርሳቸው ታይፕ የተደረገውን ድርሰት አወጡ። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። የሰፈሩን ጠዋት ተረኩ። ግምጃ ቤቱን ተረኩ። ባልየው የሚለውን፣ ሚስቲቱ የምትመልሰውን፣ ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን በየተራ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ ተናገሩ። ሽማግሌው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ያነባሉ። ከስድስተኛው ገጽ በኋላ ጣታቸውን አነሱ፤ ወረቀቱን ትተው ሴትየዋን ብቻ ያዳምጡ ጀመር።

"መጨረሻው እንዴት ነው?" አሏቸው ቀስ ብለው።

"ልጁ በሁለተኛው ቀን ይሞታል። ውሃው አልጎደለም፤ ደረቅ መሬት የለም። የፋብሪካው ቢሮ ፊት ለፊት ያለችው ከፍ ያለች ቦታ ላይ ይቀብሩታል። እንዲህ ነው የሆነው። ልጃችን ነው።"

አቶ ዘርይሁን ድርሰቱን ከደኑ። "እዚህ ላይ ልጁ አይሞትም" አሉ። "አድጎ ትራክተር ነጂ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ባንዲራ ይዞ ይታያል።"

እትዬ ጫልቱ የተከደነውን ወረቀት አዩ።

"እኔ ለምኜው ነበር" አሉ። "በላቸውን። 'ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ይኑር' ብዬ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ግን እምቢ አለኝ። 'ይህን ካልዋሸን ነው ሌላውን የሚያምኑን' አለኝ።"

አቶ ዘርይሁን ጫማቸውን አደረጉ። "እንሂድ" አሉን።

ቢሮ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐውልቱ በጓድ መርዕድ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያይ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ።

"የእጅ ጽሑፉን ለማኅደራችን ፈልገን ነበር" አሉት አቶ ዘርይሁን።

"በታይፕ የተጻፈው ብቻ ነው ያለኝ።"

"ከወይዘሮዋ የተረከባችኋቸው ሰባት ደብተሮችስ?"

ወደኔ ዞረና "ወንድምሽ ደህና ነው?" አለኝ።

ከኔ በፊት እትዬ ጫልቱ ተናገሩ። "ወንድሟን ምን አገባህ? ደብተሬን አምጣ።"

"ወንድሜ ደህና ነው" አልኩት። "ደብተሮቹ ከኋላህ ካቢኔት ውስጥ ናቸው።" አንተ ብዬው የማውቅ አልነበርኩም።

አቶ ዘርይሁን እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ቁልፉን ከኪሱ ለማውጣት የወሰደበት ጊዜ አሁንም ይታወሰኛል። ደብተሮቹ በዚያው ገመድ እንደታሰሩ ወጡ፤ አራተኛው ብቻ ለብቻው ነው። በቀይ እርሳስ ተዥጎርጉሯል። አቶ ዘርይሁን መጨረሻውን ገጽ ገለጡ፣ አዩ፣ ለኔ አቀበሉኝ። የጋሽ በላቸው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል።

"ቀዩ ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ ጫልቱ።

የአለቃዬን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ስገለብጠው የኖርኩት ነው።

"'ልጁ ይኑር' ይላል እትዬ። 'ባንዲራ ይያዝ።'"

ጓድ መርዕድ የጠረጴዛውን ስልክ ወደ አቶ ዘርይሁን ገፋው።

"ስሜ በሬዲዮ ተነግሯል" አለ። ድምፁ ያ የቅዳሜው ለስላሳ ድምፅ ነው። "ሽልማቱን ያጸደቁት እነማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ። ተሳስታችኋል ብለው የሚነግሯቸው ከሆነ፣ ስልኩ ይኸው።"

ሽማግሌው ስልኩን አዩት። እኔም ስልኩን አየሁት። እጃቸው ከጭናቸው ትንሽ ተነሥቶ ነበር። ተመለሰ።

"ደብተሮቹን ለወይዘሮዋ ይመልሱ" አሉ። "ሌላው... ሌላው ይቆይ።"

እትዬ ጫልቱ ሰባቱን ደብተሮች በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ደረጃው ላይ አቶ ዘርይሁን ክንዴን ያዙኝ። "ልጄ፣ ልጆች አሉኝ" አሉኝ።

"እኔም ወንድም አለኝ" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግርማን ቀበሌ ጠርቶ ሁለት ቀን አቆየውና ለቀቀው። ለኔ ወደ ወለንጪቲ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል። ፊልሙ አልተሠራም። የመስታወት ሣጥኑ አዳራሹ ቀለም ሲቀባ ተነሣ፤ መነጽሩና ባርኔጣው የት እንደገቡ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ይመለሳል ያልኩት እኔ ነኝና ይህ ዕዳ የኔ ነው።

እትዬ ጫልቱ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። እሁድ እሁድ ከወለንጪቲ እየመጣሁ አነብላቸው ነበር። አራተኛውን ደብተር ግን ሁልጊዜ መጨረሻው ሳይደርስ "እዚህ ላይ ተይው" ይሉኛል። አንድ እሁድ ደግሞ፣ ታመው ተኝተው ሳለ፣ "ያ ሰውዬ የጻፈው ላይ ልጁ ስንት ዓመት ሞልቶት ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ልመልስላቸው? ሰው የአንድን ሰው ድርሰት ይሰርቃል፤ ይህን እንኳ እንዳላየሁት ልለፈው። ይህ ሰው ግን አንዲት እናት ባሏን በእንባ ለምና የተከለከለችውን ነገር ለሐውልት ሲል በአንድ ቀይ እርሳስ አደረገው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንባቢዎቼ፣ የኔን ድፍረት እንድታደንቁ አይደለም ይህን የጻፍኩት። የሰኞዋን አስካለን ብቻ ብነግራችሁ እኔም አንድ ነገር ሰረዝኩ ማለት ነው። የቅዳሜዋ አስካለ አራት መቶ ሰው ፊት እውነት የተናገረችን ሴት ክንዷን ይዛ ያወጣች ናት። አዳራሹ ሐዘን ነው ብሎ ከንፈሩን የመጠጠው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ድምፅ "ይህ የኔ ነው" ሲል ስሰማ፣ ተናጋሪው ምን ለብሷል፣ እንዴት ይናገራል አልልም፤ መጀመሪያ እሰማዋለሁ። እናንተም እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት መርዕድ አርፎ ቀብሩ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ "በፊልም ድርሰት ተሸላሚ፣ የ'ውሃው ሲጎድል' ደራሲ" ተባለ። ቆሜ ሰማሁ፤ በለቅሶ ላይ አልተናገርኩም። ቤቴ ስገባ ግን ወረቀት አወጣሁ። ልጽፍ እንደሆነ የሰሙ ዘመዶች "ሰውየው ሞቷል፤ አሁን ስሙን ማንሣት ምን ይሠራል?" አሉኝ።

ጋሽ በላቸውም ሲሰረቁ ሞተው ነበር።